ሲሲአር5፦ የብግነት መሪ፣ የቫይረስ መግቢያ፣ የመድኃኒት ዒላማ

ተማሪ፦ ሲሲአር5 የተባለው የኬሞካይን ተቀባይ ስሙ ብዙ ጊዜ የሚነሣው ከኤችአይቪ ጋር ነው። ሰውነት ግን ይህን ተቀባይ ለቫይረስ ብሎ አላበጀውም። እውነተኛ ሥራው ምንድን ነው?

መምህር፦ ሥራው ነጭ የደም ሕዋሳትን ወደሚፈለጉበት ቦታ መምራት ነው። ይህን ለመረዳት ከኬሞካይኖች መነሣት ይገባል። ኬሞካይኖች ሕዋሳት የሚያመነጯቸው ትናንሽ ፕሮቲኖች ናቸው፤ በሰው አካል ውስጥ ወደ 50 የሚጠጉ ዓይነቶች ይታወቃሉ። አንድ የሰውነት ክፍል ሲቆስል ወይም ጀርም ሲገባበት በዚያ ያሉ ሕዋሳት ኬሞካይን ያመነጫሉ። ፕሮቲኖቹ በደም ሥሮች ውስጠኛ ግድግዳና በሕዋሳት መካከል ባለው መረብ ላይ ይጣበቃሉ፤ ከመነሻቸው አጠገብ ይበዛሉ፣ ከዚያ በራቁ ቁጥር ይሳሳሉ። በነጭ የደም ሕዋስ ገጽ ላይ ያለው ተቀባይ ይህን የመጠን ልዩነት ይለያል፤ ሕዋሱም ወደሚበዛበት ያመራል። ቡና የሚቆላው በየትኛው ቤት እንደሆነ ያላየ ጎረቤት ሽታው እየበረታ ወደሄደበት አቅንቶ ቤቱን እንደሚያገኘው ሁሉ፣ ሕዋሱም የጉዳቱን ቦታ የሚያገኘው በዚህ መንገድ ነው።

ተማሪ፦ 50 ኬሞካይኖች ካሉ 50 ተቀባዮች አሉ ማለት ነው?

መምህር፦ አይደለም። ምልክት ወደ ሕዋሱ ውስጥ የሚያስተላልፉት ተቀባዮች 20 ገደማ ናቸው። ከእነርሱ ሌላ፣ የተለመደውን ምልክት የማያስተላልፉ፣ ይልቁንም ኬሞካይኖችን እየያዙ ከአካባቢው የሚያነሡ ጥቂት ተቀባዮች አሉ። ቁጥሩ የማይመጣጠነው አንድ ኬሞካይን ከበርካታ ተቀባዮች ጋር፣ አንድ ተቀባይም ከበርካታ ኬሞካይኖች ጋር ስለሚገናኝ ነው። ሲሲአር5 በዋናነት የሚቀበለው ሦስቱን፣ ማለትም ሲሲኤል3ን፣ ሲሲኤል4ን እና ሲሲኤል5ን ነው። ከእነዚህ ውስጥ ሲሲኤል3 እና ሲሲኤል5 ሲሲአር1 በተባለው ሌላ ተቀባይም ይሠራሉ፤ ሲሲኤል5 ደግሞ በሲሲአር3 ጭምር ይሠራል። ይህ መደራረብ ለሰውነት ዋስትና ነው፤ አንዱ መንገድ ቢበላሽ ሌላው ይተካዋል። ብግነትን ለማብረድ መድኃኒት ለሚሠራ ሰው ግን ከባድ ፈተና ነው።

ተማሪ፦ ተቀባዩ ራሱ ምን ዓይነት ነው? ምልክቱስ ከውጭ ወደ ውስጥ የሚያልፈው እንዴት ነው?

መምህር፦ ሲሲአር5 352 አሚኖ አሲዶች የተሰካኩበት አንድ የፕሮቲን ሰንሰለት ነው፤ የሚሠራበት ዘረመል በ3ኛው ክሮሞዞም ላይ ይገኛል። ሰንሰለቱ የሕዋሱን ሽፋን ሰባት ጊዜ ያቋርጣል። በዚህ አሠራሩ የአድሬናሊን፣ የሂስታሚንና የሞርፊን ተቀባዮች ካሉበት ትልቅ ቤተሰብ ይመደባል። በአገልግሎት ላይ ካሉ መድኃኒቶች እጅግ ብዙዎቹ የሚሠሩት በዚህ ቤተሰብ ላይ ስለሆነ፣ ተመራማሪዎች ሲሲአር5ን በመድኃኒት መዝጋት እንደሚቻል ገና ከጅምሩ ተስፋ አድርገዋል።

ኬሞካይኑ ከውጭ ሲያርፍበት የተቀባዩ ቅርጽ ይለወጣል። ከውስጥ በኩል የተጠጋው ጂ ፕሮቲን ይነቃል፤ በሕዋሱ ውስጥ ያለው የካልሲየም መጠን ይጨምራል፤ የሕዋሱ ውስጣዊ አጽም ፈርሶ ወደ አንድ አቅጣጫ እንደገና ይገነባል። በገጹ ላይ ያሉት ኢንቴግሪን የተባሉ መያዣዎች ይጠነክራሉ። በደም ሥር ውስጥ እየተንከባለለ ያልፍ የነበረው ሕዋስ በዚያው ይቆማል፣ ከግድግዳው ጋር ይጣበቃል፣ ሾልኮም ወደ ሥጋው ይገባል። ከዚያ ተቀባዩ አሬስቲን በተባለ ፕሮቲን ይያዝና ወደ ውስጥ ይሰበሰባል፤ ቆይቶ እንደገና ወደ ገጹ ይመለሳል። ይህ መሰብሰብ ባይኖር ኖሮ ሕዋሱ ያለ ማቋረጥ በተነሣሣ ነበር።

ተማሪ፦ ይህ ተቀባይ በሁሉም ብግነት ውስጥ እኩል ድርሻ አለው?

መምህር፦ የለውም። እንደ እባጭ ያለ መግል የሚቋጥር ድንገተኛ ብግነት በመጀመሪያዎቹ ሰዓታት የሚመራው በኒውትሮፊሎች ነው፤ እነርሱም በዋናነት የሚጓዙት በሲኤክስሲአር1 እና በሲኤክስሲአር2 ነው። ሲሲአር5 በብዛት የሚገኘው ቀድሞ ጀርም ባወቁ ቲ ሕዋሳት፣ በማክሮፋጆች፣ በዴንድሪቲክ ሕዋሳትና በአንጎል ውስጥ በሚኖሩት ማይክሮግሊያ ላይ ነው። ስለዚህ ድርሻው የሚጎላው ቫይረሶችንና በሕዋስ ውስጥ ተደብቀው የሚኖሩ ጀርሞችን በመዋጋት፣ እንዲሁም ለወራትና ለዓመታት በሚቆይ ሥር የሰደደ ብግነት ነው።

ሥር የሰደደው ብግነት አስቸጋሪ የሚሆነው ራሱን በራሱ ስለሚመግብ ነው። በሲሲአር5 ተመርተው የመጡት ቲ ሕዋሳትና ማክሮፋጆች እዚያው ደርሰው ሲሲኤል3ን፣ ሲሲኤል4ን እና ሲሲኤል5ን ያመነጫሉ፤ ያም ሌሎች ሕዋሳትን ይጠራል። ሩማቶይድ አርትራይተስ ባለባቸው ሰዎች መገጣጠሚያ ውስጥ ያለው ፈሳሽ ሲመረመር፣ በደም ውስጥ ሲሲአር5 ያላቸው ቲ ሕዋሳት አናሳ ሆነው ሳለ በመገጣጠሚያው ውስጥ ግን አብዛኞቹ ይህን ተቀባይ የያዙ ሆነው ተገኝተዋል። መልቲፕል ስክሌሮሲስ በተባለው የነርቭ በሽታም በሕብለ ሰረሰር ፈሳሽ ውስጥ ተመሳሳይ ነገር ይታያል። በጉበት ብግነትና የተተከለ አካልን ሰውነት አልቀበልም ሲልም ተቀባዩ ይገኛል።

ተማሪ፦ ከኤችአይቪ ጋር ያለው ግንኙነትስ እንዴት ታወቀ?

መምህር፦ ሲዲ4 የተባለው ፕሮቲን የኤችአይቪ መያዣ መሆኑ እ.ኤ.አ. በ1984 ተረጋግጦ ነበር። ነገር ግን የሰው ሲዲ4 በአይጥ ሕዋስ ላይ ሲደረግ ቫይረሱ ይጣበቃል እንጂ አይገባም። ሁለተኛ አጋዥ እንዳለ ግልጽ ነበር፤ ማንነቱ ግን ከ10 ዓመት በላይ ተሰወረ። በ1995 መጨረሻ በአሜሪካ በሮበርት ጋሎ ቤተ ሙከራ የሚሠሩት ፓኦሎ ሉሶ፣ ፊዮሬንሳ ኮኪና ባልደረቦቻቸው፣ ቲ ሕዋሳት የሚያመነጯቸው ሦስት ኬሞካይኖች ቫይረሱን እንደሚያግዱ አሳዩ። ሦስቱም ዛሬ የሲሲአር5 ኬሞካይኖች ብለን የምናውቃቸው ናቸው። በግንቦት 1996 የኤድዋርድ በርገር ቡድን የመጀመሪያውን አጋዥ ተቀባይ አገኘ፤ እርሱም በኋላ ሲኤክስሲአር4 የተባለው ነው። በዚያው ዓመት ሰኔ ላይ አምስት የምርምር ቡድኖች በተቀራራቢ ቀናት አንድ ዓይነት ውጤት አወጡ፦ ከሰው ወደ ሰው የሚተላለፈው ኤችአይቪ በአብዛኛው የሚገባው በሲሲአር5 ነው።

የአገባቡ ቅደም ተከተል እንዲህ ነው። በቫይረሱ ገጽ ላይ ያለው ጂፒ120 መጀመሪያ ሲዲ4ን ይይዛል። ይህ ሲሆን ቅርጹ ይለወጥና ተሸፍኖ የነበረው ክፍሉ ይገለጣል፤ ያም ክፍል ሲሲአር5 ላይ ያርፋል። ከዚያ ጂፒ41 ተዘርግቶ በሕዋሱ ሽፋን ላይ ይሰካል፤ ሁለቱ ሽፋኖች ይዋሐዳሉ፤ የቫይረሱ ዘረመል ወደ ውስጥ ይገባል።

ተማሪ፦ ታዲያ ተቀባዩ የሌላቸው ሰዎች ካሉ ቫይረሱ ሊይዛቸው አይችልም ማለት ነው።

መምህር፦ እንዲህ ያሉ ሰዎች አሉ፤ የተገኙትም በዚያው በ1996 ነው። ለቫይረሱ ደጋግመው ተጋልጠው ያልተያዙ ሁለት ሰዎች ሲመረመሩ፣ የሲሲአር5 ዘረመላቸው ከእናትም ከአባትም በኩል 32 የዘረመል ፊደላት ጎድለውት ተገኘ። ዴልታ 32 የሚባለው ይህ ጉድለት ፕሮቲኑ ከመጠናቀቁ በፊት እንዲቆረጥ ያደርጋል፤ የተቆረጠውም ወደ ሕዋሱ ገጽ አይደርስም። ጉድለቱን ከሁለቱም ወላጆች የወረሱ ሰዎች በሲሲአር5 በሚጠቀም ቫይረስ እምብዛም አይያዙም። ከአንዱ ወላጅ ብቻ የወረሱት ይያዛሉ፤ በሽታው ግን በአማካይ ቀስ ብሎ ይገሰግስባቸዋል።

ጉድለቱ በዋናነት የሚገኘው በአውሮፓውያን ዘንድ ነው። ከሰሜን አውሮፓ ሕዝብ 1 በመቶ ገደማ የሚሆነው ከሁለቱም ወላጆች ወርሶታል። በአፍሪካና በምሥራቅ እስያ ነባር ሕዝቦች ዘንድ ግን የለም ማለት ይቻላል። ስለዚህ ወረርሽኙ ክፉኛ በመታው የአፍሪካ ክፍል ይህ የተፈጥሮ መከላከያ ለማንም አልደረሰም ማለት ይቻላል።

ተማሪ፦ በኢትዮጵያ ያለው ቫይረስ በየትኛው ተቀባይ ይጠቀማል?

መምህር፦ በኢትዮጵያ የሚበዛው ሲ የተባለው የኤችአይቪ ንዑስ ዓይነት ነው። በአውሮፓና በአሜሪካ በሚበዛው ቢ ንዑስ ዓይነት፣ ሕክምና ካላገኙ ታማሚዎች ግማሽ በሚሆኑት ላይ በሽታው ሲገፋ ቫይረሱ ወደ ሲኤክስሲአር4 ይሻገራል፤ ከዚያ በኋላ ሲዲ4 ያላቸው ሕዋሳት ቁጥር በፍጥነት ይወርዳል። ሲ ንዑስ ዓይነት ግን በአብዛኛው ከሲሲአር5 አይለቅም። በ1990ዎቹ መጨረሻ ከኢትዮጵያውያን ታማሚዎች የተወሰዱ ቫይረሶች ሲመረመሩ፣ ኤድስ ደረጃ ከደረሱት ሰዎች የተገኙትም ጭምር አብዛኞቹ የሚጠቀሙት በሲሲአር5 ነበር።

ተማሪ፦ እንግዲህ ተቀባዩን በመድኃኒት መዝጋት የዴልታ 32ን ውለታ ላልታደለው ሁሉ ማድረስ ይመስላል።

መምህር፦ የመድኃኒት ኩባንያዎች የተነሡትም በዚሁ ሐሳብ ነው። በእንግሊዝ አገር ኬንት ውስጥ ሳንድዊች በተባለች ከተማ ይገኝ የነበረው የፋይዘር ምርምር ማዕከል ማራቪሮክን ሠራ፤ የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደርም በነሐሴ 2007 ፈቀደው። ቀደም ብለው የነበሩት የኤችአይቪ መድኃኒቶች በሙሉ የቫይረሱን የራሱን ክፍሎች የሚመቱ ነበሩ። ማራቪሮክ በሰው ፕሮቲን ላይ በማረፍ ቫይረሱን የሚያግድ የመጀመሪያው ፈቃድ ያገኘ ፀረ ኤችአይቪ መድኃኒት ሆነ።

አሠራሩ ልብ ሊባል ይገባል። መድኃኒቱ ኬሞካይኑ ወይም ቫይረሱ የሚያርፍበትን ቦታ አይሸፍንም። በሽፋኑ ውስጥ በተሰገሰጉት ሰባት ዓምዶች መካከል ባለ ጥልቅ ጎድጓዳ ቦታ ይገባና ተቀባዩን ቫይረሱ በማያውቀው ቅርጽ ያደርቀዋል። ይህም በ2013 ሻንጋይ ላይ በተሠራ የክሪስታል ጥናት በዓይን የሚታይ ያህል ተረጋገጠ። ከማራቪሮክ ጋር ይሽቀዳደሙ የነበሩት ሌሎች ግን ለፍሬ አልበቁም፤ አፕላቪሮክ ጉበት ላይ ጉዳት በማድረሱ በ2005 ምርመራው ቆመ።

ተማሪ፦ ይህን ያህል ጥሩ ከሆነ ዶክተር፣ በየጤና ጣቢያው የማይሰጠው ለምንድን ነው?

መምህር፦ ሦስት ምክንያቶች አሉ። አንደኛ፣ በሲኤክስሲአር4 በሚጠቀም ቫይረስ ላይ ምንም አይሠራም፤ ስለዚህ ከመጀመሩ በፊት የታማሚው ቫይረስ በየትኛው እንደሚጠቀም በውድ ምርመራ መለየት አለበት። ሁለተኛ፣ በጥቂቱ ተደብቆ የነበረ የሲኤክስሲአር4 ቫይረስ ካለ መድኃኒቱ ሌላውን ሲያግድ እርሱ ቦታውን ይይዛል። ሦስተኛ፣ በቀን ሁለት ጊዜ ይወሰዳል፤ ከሌሎች መድኃኒቶች ጋር ሲሰጥም መጠኑ ሊጨመር ወይም ሊቀነስ ይገባል። በዚህ መሃል በቀን አንድ ጊዜ የሚወሰደውና ዋጋው ዝቅተኛ የሆነው ዶሉቴግራቪር መጣ። ኢትዮጵያን ጨምሮ በብዙ አገሮች የመጀመሪያ ተመራጭ ሕክምና የቆመው በእርሱ ላይ ነው። ማራቪሮክ የቀረው ሌሎች መድኃኒቶችን ለተላመደ ቫይረስ ነው።

ተማሪ፦ ከኤችአይቪ ሙሉ በሙሉ የዳኑ ሰዎች እንዳሉ ይነገራል። ይህም ከሲሲአር5 ጋር ይያያዛል?

መምህር፦ በእጅጉ ይያያዛል። በበርሊን ይኖር የነበረው አሜሪካዊው ቲሞቲ ሬይ ብራውን ኤችአይቪም የደም ካንሰርም ነበረበት። ሐኪሙ ጌሮ ሁተር ለካንሰሩ የደም አመንጪ ሕዋሳት ንቅለ ተከላ ሲያዘጋጅ፣ ዴልታ 32ን ከሁለቱም ወላጆች የወረሰ ለጋሽ ሆን ብሎ ፈለገ። የመጀመሪያው ንቅለ ተከላ በ2007፣ ካንሰሩ በማገርሸቱ ሁለተኛው በ2008 ተደረገ። ብራውን ፀረ ኤችአይቪ መድኃኒት ካቆመ በኋላ ቫይረሱ አልተመለሰበትም፤ በ2020 ያረፈው በተመለሰበት የደም ካንሰር ነው። በ2019 የለንደኑ ታማሚ የአዳም ካስቲዬሆ ውጤት ተገለጸ፤ ከዚያም ጥቂት ሌሎች ተከትለዋል።

ሆኖም ይህን ለሚሊዮኖች የሚሆን ሕክምና አድርጎ ማየት ስሕተት ነው። ንቅለ ተከላው የታማሚውን መቅኔ በብርቱ መድኃኒት ማጥፋትን ይጠይቃል፤ ከታካሚዎቹ ቀላል የማይባሉት በሕክምናው ምክንያት ሕይወታቸው ያልፋል። በየቀኑ በሚወሰድ ክኒን ጤናውን ጠብቆ መኖር ለሚችል ሰው እንዲህ ያለ አደጋ አይገባም። ደግሞም የተቀባዩ መጥፋት ብቻውን ዋስትና አይደለም። በጀርመን ኤሰን ከተማ ዴልታ 32 ካለው ለጋሽ የተቀበለ ታማሚ፣ በውስጡ በነበረ በሲኤክስሲአር4 የሚጠቀም ቫይረስ ምክንያት ቫይረሱ አገርሽቶበታል። በአንጻሩ በጄኔቫ አንድ ታማሚ የሲሲአር5 ዘረመሉ ሙሉ ከሆነ ለጋሽ ተቀብሎ ቫይረሱ ሳይመለስበት ቆይቷል። ከዚህ የሚታየው፣ የለጋሹ ሕዋሳት የታማሚውን አሮጌ ሕዋሳት ሲያጠፉ የተደበቀውንም ቫይረስ አብረው እንደሚጠርጉ ነው።

ተማሪ፦ ዘረመሉን በቀጥታ መቁረጥስ?

መምህር፦ በዚህ ረገድ ሁለት በጣም የተለያዩ ሥራዎች ተሠርተዋል። በ2014 የፔንሲልቬንያ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ኤችአይቪ ካለባቸው 12 ሰዎች ቲ ሕዋሳት ወስደው፣ በከፊሎቹ ላይ የሲሲአር5ን ዘረመል ቆርጠው መለሱላቸው። ሥራው በአዋቂዎች ፈቃድ፣ ወደ ልጅ በማይተላለፉ ሕዋሳት ላይ የተደረገ ነው። ፀረ ኤችአይቪ መድኃኒት ለጊዜው ሲቋረጥ የተቆረጠባቸው ሕዋሳት ከሌሎቹ በዝግታ ቀነሱ፤ ፈውስ ግን አላመጣም።

ሁለተኛው በኅዳር 2018 የተገለጸው የሄ ጂያንኩዊ ድርጊት ነው። ይህ ቻይናዊ ተመራማሪ በጽንስ ደረጃ የሲሲአር5ን ዘረመል ቆርጦ መንትያ ሴቶች እንዲወለዱ አደረገ። በጽንሶቹ ላይ የተፈጠረው ለውጥ ትክክለኛው ዴልታ 32 አልነበረም። ከኤችአይቪ ጋር የሚኖር አባት ልጁን ሳይበክል መውለድ የሚችልበት የታወቀ መንገድም ነበረ። ልጆቹ ያልተስማሙበትን፣ ለልጅ ልጅ የሚተላለፍ ለውጥ ተሸከሙ። ዓለም አወገዘው፤ የቻይና ፍርድ ቤትም የ3 ዓመት እስራት ፈረደበት።

ተማሪ፦ ግን ዴልታ 32 ያላቸው አውሮፓውያን ጤነኛ ሆነው ይኖራሉ። ተቀባዩ ለመኖር የግድ ካልሆነ ማጥፋቱ ምን ይጎዳል?

መምህር፦ ጤነኛ ሆነው የሚኖሩት መደራረቡ ስለሚሸፍንላቸው ነው፤ ሽፋኑ ግን ሁሉንም በሽታ አያዳርስም። ዌስት ናይል የተባለው በትንኝ የሚተላለፍ ቫይረስ ወደ አንጎል ሲገባ፣ ቲ ሕዋሳት ተከታትለው የሚገቡት በሲሲአር5 ነው። ተቀባዩ የሌላቸው አይጦች በዚህ ቫይረስ በብዛት ይሞታሉ። በ2006 በአሜሪካ በወጣ ጥናት በቫይረሱ በጠና ከታመሙ ሰዎች መካከል ዴልታ 32ን ከሁለቱም ወላጆች የወረሱት ከሚጠበቀው በላይ በዝተው ተገኙ። በመዥገር የሚተላለፈው የአንጎል ብግነትም ተመሳሳይ ዝንባሌ አሳይቷል። ስለዚህ ተቀባዩ አያስፈልግም የሚለው አባባል እውነት የሚሆነው ሰውየው በሚኖርበት አካባቢ እንዲህ ያሉ በሽታዎች ከሌሉ ብቻ ነው።

በሌላ በኩል ተቀባዩ መኖሩ የሚጎዳባቸው ሁኔታዎችም አሉ። ስታፊሎኮከስ ኦሬየስ የተባለው ባክቴሪያ ከሚረጫቸው መርዞች አንዱ ሲሲአር5 ያላቸውን ሕዋሳት ለይቶ ይገድላል። በ2019 በወጣ ጥናት ደግሞ ከስትሮክ በኋላ በአይጦች አንጎል ውስጥ ተቀባዩ ሲታገድ እንቅስቃሴያቸው በተሻለ ሁኔታ ተመለሰ፤ ዴልታ 32 ያላቸው የስትሮክ ታማሚዎችም የተሻለ አገገሙ።

ተማሪ፦ ወደ ብግነት እንመለስ። በመገጣጠሚያ ውስጥ ያሉት ቲ ሕዋሳት አብዛኞቹ ሲሲአር5 ካላቸው፣ ማራቪሮክ ሩማቶይድ አርትራይተስን ማዳን አልነበረበትም?

መምህር፦ ብዙዎች ያሰቡት እንዲያ ነው፤ ሆኖም አልሆነም። ማራቪሮክና ሌሎች ሁለት የሲሲአር5 አጋጆች በሩማቶይድ አርትራይተስ ታማሚዎች ላይ ተሞክረው ለታማሚው የሚጨበጥ ጥቅም አላሳዩም። ምክንያቱን ከኬሞካይኖች መደራረብ መረዳት ይቻላል። ሲሲአር5 ሲዘጋ ሲሲኤል3 እና ሲሲኤል5 በሲሲአር1 ሥራቸውን ይቀጥላሉ፤ ሲሲአር2ን የመሰሉ ሌሎች ተቀባዮችም በራሳቸው ኬሞካይኖች ሕዋሳትን ያመጣሉ። ከዚህ ሌላ፣ ታማሚው ሐኪም ዘንድ ሲደርስ ሕዋሳቱ ገብተው ከሰፈሩ ቆይተዋል፤ መግቢያውን መዝጋት የገቡትን አያስወጣም። ትልቁ ትምህርት ይህ ነው፦ አንድ ተቀባይ በታመመ ቦታ በብዛት መገኘቱ በሽታውን ያመጣው እርሱ ለመሆኑ ማስረጃ አይሆንም።

ተማሪ፦ በብግነት ላይ ፈጽሞ ተስፋ የለውም ማለት ነው?

መምህር፦ ተስፋ የታየው ሕዋሳቱ ከመግባታቸው በፊት መዝጋት በሚቻልበት በሽታ ላይ ነው። በመቅኔ ንቅለ ተከላ የለጋሹ ቲ ሕዋሳት የተቀባዩን ሰው አንጀትና ጉበት ሊያጠቁ ይችላሉ። የንቅለ ተከላው ቀን አስቀድሞ ስለሚታወቅ መድኃኒቱን በሰዓቱ መጀመር ይቻላል። በ2012 በፊላዴልፊያ 38 ታማሚዎች ለአጭር ጊዜ ማራቪሮክ ወስደው የአንጀትና የጉበት ጥቃት በጣም ዝቅ ብሎ ታየ። ከዚያ በኋላ ሦስት ዘዴዎችን ባወዳደረ ሰፋ ያለ ሙከራ ግን በላጭ ሆኖ የወጣው ከንቅለ ተከላ በኋላ የሚሰጠው ሳይክሎፎስፋማይድ ያለበት ዘዴ ነው፤ ማራቪሮክ ያለበት አልነበረም። በካንሰርም የሲሲኤል5ና የሲሲአር5 ግንኙነት ዕጢው እንዲሰራጭና ከመከላከያ ሕዋሳት እንዲሸሸግ እንደሚረዳ ታይቷል፤ ትናንሽ ሙከራዎችም ተደርገዋል፤ የሲሲአር5 አጋጅ ለካንሰር ሕክምና ግን ገና አልተፈቀደም።

ተማሪ፦ ከሲሲአር5 ውጭ ካሉት የኬሞካይን ተቀባዮች ለሕክምና የበቁ አሉ?

መምህር፦ ጥቂት አሉ። ሲኤክስሲአር4 የደም አመንጪ ሕዋሳትን በመቅኔ ውስጥ ይዞ ያቆያል። በ2008 የተፈቀደው ፕለሪክሳፎር ይህን ሲያግድ ሕዋሳቱ ወደ ደም ይለቀቃሉ፤ ለንቅለ ተከላም ከደም ሥር ይሰበሰባሉ። መድኃኒቱ በመጀመሪያ የተፈለገው ለኤችአይቪ ነበር። ሲሲአር4 ደግሞ በአንዳንድ የቲ ሕዋስ ካንሰሮች ላይ ይበዛል። በ2012 በጃፓን፣ በ2018 በአሜሪካ የተፈቀደው ሞጋሙሊዙማብ የተባለ ፀረ እንግዳ አካል ተቀባዩን ይዞ ሕዋሱን በሙሉ ያስገድላል እንጂ ምልክቱን በማገድ ብቻ አይወሰንም። ሁለቱም የተሳካላቸው የበሽታው ወይም የሥራው መሠረት በአንድ ተቀባይ ላይ ስለቆመ ነው። ሲኤክስሲአር4 ዋነኛ ኬሞካይኑ አንድ ብቻ ነው፤ ያንን ቦታ የሚሸፍን ምትክ የለም ማለት ይቻላል።

ተማሪ፦ የወባ ተውሳክም በኬሞካይን ተቀባይ ይጠቀማል መባሉ እውነት ነው?

መምህር፦ እውነት ነው፤ ለኢትዮጵያ ደግሞ ቅርብ ጉዳይ ነው። ፕላስሞዲየም ቫይቫክስ ወደ ቀይ የደም ሕዋስ የሚገባው ዱፊ በተባለ ፕሮቲን ነው። ይህ ፕሮቲን ኬሞካይኖችን ከደም ውስጥ እየያዙ ከሚያነሡት ምልክት አልባ ተቀባዮች አንዱ መሆኑ በ1993 ታወቀ። በምዕራብና በመካከለኛው አፍሪካ አብዛኛው ሕዝብ ዱፊ በቀይ የደም ሕዋሱ ላይ ስለሌለው ቫይቫክስ በዚያ ብርቅ ነው። በኢትዮጵያ ግን ዱፊ ያላቸውም የሌላቸውም ጎን ለጎን ይኖራሉ፤ ቫይቫክስም ከፋልሲፓረም ቀጥሎ ሁለተኛው የወባ ዓይነት ነው። ዱፊ በሌላቸው ኢትዮጵያውያን ላይም ቫይቫክስ ተገኝቷል፤ ተውሳኩ ሌላ መግቢያ ሳይኖረው አይቀርም። ሐኪም ሊያውቀው የሚገባ ሌላም ነገር አለ፦ ዱፊ የሌላቸው ጤነኛ ሰዎች የኒውትሮፊል ቁጥራቸው ዝቅ ያለ ሊሆን ይችላል። ይህ በራሱ በሽታ አይደለም፤ በዚህ ብቻ የተነሣ የሚያስፈልጋቸው መድኃኒት ሊከለከልባቸው አይገባም።

ተማሪ፦ እንግዲህ የኬሞካይን ተቀባይን የሕክምና ዒላማ ከማድረግ በፊት ምን መጠየቅ አለበት?

መምህር፦ ሦስት ነገሮች መጠየቅ አለባቸው። የመጀመሪያው በሽታው በዚህ ተቀባይ ላይ ብቻ የቆመ ነው ወይስ ተቀባዩ ከብዙ መንገዶች አንዱ ነው የሚለው ነው። በሲሲአር5 የሚጠቀም ኤችአይቪ ያለ እርሱ መግባት አይችልም፤ ማራቪሮክ የሠራው ለዚህ ነው። የመገጣጠሚያ ብግነት ግን በብዙ መንገድ ይመገባል፤ ማራቪሮክ ያልሠራውም ለዚህ ነው። ሁለተኛው መድኃኒቱ የሚደርሰው ሕዋሳቱ ከመጓዛቸው በፊት ነው ወይስ ከደረሱ በኋላ የሚለው ነው። ሦስተኛው ተቀባዩ ሲዘጋ ታማሚው በሚኖርበት አካባቢ ያሉትን ጀርሞች የሚከላከልበት ሌላ መንገድ ይቀርለታል ወይ የሚለው ነው። የዴልታ 32 ሰዎች ከኤችአይቪ ተጠብቀው ለዌስት ናይል መጋለጣቸው ይህን ጥያቄ ማለፍ እንደማይቻል ያስተምራል። ሲሲአር5 በራሱ የሰውነት ወዳጅ ወይም ጠላት አይደለም፤ ጥቅሙም ጉዳቱም የሚወሰነው በየትኛው በሽታ፣ በየትኛው ጊዜና በየትኛው ሰው ላይ እንደሚሠራ ነው። መድኃኒቱም መመረጥ ያለበት እነዚህ ሦስቱ ከተመለሱ በኋላ ነው።